ዶቃ ለመሰካት ለጀማሪ የቱ ክር፣ የቱ መጠን ይሻላል?

ጣና ዳር፦
ሰላም ቤተሰብ። ማታ ማታ ስልክ ከመነካካት እጄን ዶቃ ላይ ላውል ብዬ ከቅዳሜ ገበያ ደቃቅ የብርጭቆ ዶቃና ላስቲክ ገዛሁ። የአምባሩ ቋጠሮ ይፈታል፣ ግማሹ ዶቃ ደግሞ መርፌ አያስገባም። ዘና ልበል ብዬ ጭራሽ ተናደድኩ! ምን ላስተካክል? የዓሣ ማጥመጃ ናይሎንስ ይሆናል ወይ?

ዓባይ ማዶ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ መጠኑን ቀይሪ። ደቃቅ ዶቃ ቁጥሩ ሲጨምር ራሱ ያንሳል፦ 11/0 ወደ 2 ሚ.ሜ. ነው፣ 8/0 ወደ 3 ሚ.ሜ.። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀው በማስመሪያ ለኪውና 3 ሚ.ሜ. የሆነውን ውሰጂ። ቀዳዳው የተደፈነውን በመርፌ አትታገዪው፤ ብርጭቆ ነው፣ ይሰነጠቃል። ጣይው።

ላስቲክ ከሆነ መርፌውን ተዪው። የክሩን ጫፍ የጥፍር ቀለም አስነክተሽ ሲደርቅ ራሱ እንደ መርፌ ይገባል። ሳትሰኪ በፊት ክሩን ደጋግመሽ ሳቢው፤ አለዚያ ከተሠራ በኋላ ይረዝምና በዶቃዎቹ መሃል ክፍተት ይታያል። ስትቋጥሪ አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምዝዘሽ አጥብቂ፣ ከዚያ በተቃራኒው አቅጣጫ ድገሚ። አንዴ ብቻ የተጠመዘዘ ቋጠሮ ላስቲክ ላይ አይቆምም። ሱፐር ግሉ አታድርጊበት፣ ድርቅ ብሎ ላስቲኩን ይቆርጠዋል። ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጠብ አድርገሽ ሲደርቅ 2 ሚ.ሜ. አስቀርተሽ ቁረጪ።

ባለ ሰም፦
ናይሎኑ ይሆናል፣ ግን ለልምምድ ነው። 0.20 ወይም 0.25 ሚ.ሜ. ግትር ስለሆነ ያለ መርፌ ይገባል። ችግሩ፣ ልሙጥ ነውና ቋጠሮው ይንሸራተታል፤ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ይደርቅና ይበጠሳል። ለሚቆይ ሥራ ጠንካራ የስፌት ክር ሰም ቀብቶ መጠቀም ይሻላል። ሰሙ ንጹሕ የንብ ሰም ይሁን፤ የሱቅ ሻማ ይፈረፈርና ቀዳዳውን ይደፍናል።

ለዘና ማለት ከሆነ፣ እጅ ቶሎ የሚለምደው አበባ ነው። 6 ነጭ ስኪና መርፌውን በክሩ ጅራት (በቀረው ጫፍ) በኩል በ1ኛው እንደገና አሳልፊ፤ ክብ ይሆናል። 1 ቢጫ አስገቢ። መርፌው አሁን ወደ 4ኛው ነጭ ይሄዳል፣ ግን ከ5ኛው በኩል ገብቶ በ3ኛው በኩል ይውጣ። በ3ኛው በኩል ከገባ ቢጫው መሃል አይቀመጥም፣ ወደ ጠርዝ ይሸሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ 4 አረንጓዴ ሰክተሽ ቀጣዩን አበባ ጀምሪ። በ8/0 ለመካከለኛ እጅ 9 አበባ ይበቃል፦ 54 ነጭ፣ 9 ቢጫ፣ 36 አረንጓዴ ገደማ።

ዓባይ ማዶ፦
የሰሙ ነገር ልክ ነው። ለአበባው ቀጭን መርፌ ከጠፋ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ አንድ ደቃቅ የመዳብ ሽቦ 10 ሴ.ሜ. ቆርጠሽ ለሁለት አጥፊና ክሩን በእጥፋቱ ያዢ። ቶሎ ይጣመማል እንጂ ይሠራል።

ሐይቁ ዳር ይዤው ልቀመጥ ካልሽ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አለ። ትሪ ላይ የብርድ ልብስ ቁራጭ አንጥፊ፣ ዶቃው አይንከባለልም።

ገዳም ሰፈር፦
ንድፍ መቁጠር ለሚያሰለቸው መቁጠሪያ ይሻለዋል። 41 የእንጨት ፍሬ በ8 ሚ.ሜ. ያለ ቋጠሮ ራሱ 33 ሴ.ሜ. ይሆናል። በየፍሬው መሃል ከቋጠራችሁ ክሩ ብዙ ይበላል፣ አንድ ሜትር ተኩል ቁረጡ። ቋጠሮውን ወደ ፍሬው የሚያስጠጋው መርፌ ነው፦ ሳይጠብቅ ቀለበቱ ውስጥ ሰክታችሁ እየገፋችሁ አጥብቁት። በጣት ከተሞከረ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፣ ከዚያ አይፈታም።

ጣና ዳር፦
አበባውን ሞከርኩት፣ ቢጫው መሃል ገባ። ክቡ ግን ጠፍጣፋ አልሆን አለ፣ እንደ ስኒ ይጎደጉዳል?

ባለ ሰም፦
ክሩን በጣም እየሳብሽው ነው፣ ወይ ቢጫው ከነጮቹ ያንሳል። አንድ መጠን ያላቸውን ምረጪ፤ አንድ ከረጢት ውስጥ ያለው ሁሉ እኩል አይደለም።