የኦቨርታይም ብሬን ምን በላው?

የቦርከናዋ፦
ሰላም ለቤቱ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ደመወዜ 8,320 ብር፣ አበል የለኝም። ባለፈው ወር የተጣራ 6,507.60 ደረሰኝ። በዚህ ወር ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት በድምሩ 10 ሰዓት፣ በእረፍት ቀኔ ደግሞ 8 ሰዓት ጨምሬ ሠርቼ 7,350.80 ብቻ ገባልኝ። "ኦቨርታይም የግብር እርከን ስለሚያሻግር ባይሠሩት ይሻላል" ይሉኛል። እውነት ነው?

የጦሳ ልጅ፦
አይደለም እህቴ። ይህ ወሬ ስንቱን ከእንጀራው አስቀርቷል! እርከን ቢሻገርም ከፍ ባለው ምጣኔ የሚቆረጠው ከወሰኑ በላይ ካለው ብር ላይ ብቻ ነው። አንቺ ደግሞ አልተሻገርሽም፤ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ከ7,000 በላይ እስከ 10,000 ብር ያለው እርከን 25 በመቶ ነው።

ስሌቱ ይኸው፦ 8,320 ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 40 ብር። የምሽቱ በ1.5 ሲባዛ 600 ብር፣ የእረፍት ቀኑ በ2 ሲባዛ 640 ብር፣ ድምር 1,240። ጠቅላላው 9,560 ሆነ። 25 በመቶው 2,390፤ የእርከኑ ተቀናሽ 850 ሲወጣለት ግብሩ 1,540 ነው። ያለ ኦቨርታይሙ 1,230 ነበር። ስለዚህ በግብር የሄደብሽ 310 ነው፤ 930 ሊተርፍሽ ሲገባ የተጨመረልሽ 843.20 ነው። 86.80 ብር ጎድሏል። ጡረታ በሚለው ዓምድ ስንት ተጽፏል?

የቦርከናዋ፦
669.20 ይላል።

ሒሳብ ክፍል፦
በቃ ተገኘ። ጡረታውን ከ9,560 ላይ አስልተውታል። የሠራተኛው 7 በመቶ የሚቆረጠው ከመደበኛው ደመወዝ ብቻ ነው፤ ያንቺ 582.40 መሆን ነበረበት። ፔሮል በኤክሴል ሲሠራ ቀመሩ ወደ ጠቅላላ ክፍያው ዓምድ ከተጠቆመ እንዲህ ይሆናል፤ ተንኮል ላይሆን ይችላል። አሠሪውም 11 በመቶውን በዚያው ልክ አስልቶ ከሆነ 136.40 ብር ያለአግባብ ከፍሏል። ይህን ስታሳዪያቸው ለማረም ይፈጥናሉ። የሁለቱን ወር የደመወዝ መግለጫ አያይዘሽ ለሰው ኃይል በጽሑፍ አመልክቺ፤ በግልባጩ ላይ ተቀባዩ ይፈርምልሽ። ያለፉትን የኦቨርታይም ወሮችም መርምሪ።

የጦሳ ልጅ፦
አንድ ልጨምር፦ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ የተሠራው በ1.75፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ነው። በሁሉም ላይ 1.5 የሚያስገቡ አሉና ሰዓቱን በየቀኑ መዝግቢ። እቁብ ስትገቢ ደግሞ የምትጥይውን መጠን ያለ ኦቨርታይም በሚደርስሽ 6,507.60 አቅም ልክ ምረጪ፤ የቅሬ (የእድር) መዋጮም ከዚያው ይውጣ። ኦቨርታይም ትዕዛዝ ሲቀንስ ይቆማል፣ እቁቡ ግን አይጠብቅም።