የኮንፎካል ማይክሮስኮፓችን አርጎን ሌዘር ደከመ፤ በምን እንተካው?

ዓሣ ጠባቂዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የዶክትሬት ሥራዬ በዜብራፊሽ ፅንስ ላይ ነው። የደም ሥሮቹን የማያቸው አረንጓዴ በሚያበራው ጂኤፍፒ ፕሮቲን ነው። ዕድሜ የጠገበው ኮንፎካላችን አርጎን ሌዘር አለው። ዱሮ በ5 በመቶ ኃይል ቁልጭ ብሎ ይታየኝ የነበረው፣ አሁን 30 ላይ አድርጌም ዓይኔን አፈጣለሁ። ሻጩ ባለ 488 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ማለትም ቀለሙ) ዳዮድ ሌዘር ግዙ ይላል። አለቃዬ ደግሞ «ኤልኢዲ አይረክስም እንዴ?» ይላሉ። እስቲ ምከሩኝ።

ቱቦ ቀያሪው፦
እህቴ፣ አለቃሽን በአክብሮት እምቢ በያቸው። ኮንፎካል ብርሃኑን አንዲት ነጥብ ላይ ሰብስቦ፣ ነጥብ በነጥብ እያሰሰ ነው ምስል የሚሠራው። የኤልኢዲ ብርሃን ስለሚበተን እንደዚያ አይሰበሰብም። ለተራው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ግን ግሩም ነው። በኤልኢዲ ፈንታ አዲስ አበባ በሜርኩሪ አምፖል ስሠራ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር።

አሁን ጀርመን ማይክሮስኮፕ እጠግናለሁ። አርጎን ከሚበላው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው ኢምንት ነው፤ ሌላው ሙቀት ነው። ፋኑ የሚጮኸው ለዚያ ነው። ዳዮዱ ከዚህ ሁሉ ይገላግላችኋል።

ግን አንድ ነገር አለ። አርጎን ከአንድ ቱቦ 458፣ 476፣ 488 እና 514 ናኖሜትር ይሰጣል። የምትገዙት ዳዮድ 488 ብቻ ነው። ሲኤፍፒ ወይም ዋይኤፍፒ (የጂኤፍፒ ዘመዶች፣ ሌላ ቀለም የሚያበሩ) የሚጠቀም ሰው ካለ፣ ቱቦው በተነሳ ማግስት በራችሁን ያንኳኳል። እኔ አንዴ ሳልጠይቅ ቀይሬ፣ አንዱ ተመራማሪ ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።

ዓሣ ጠባቂዋ፦
ወይ ጉድ! ጎረቤታችን ያለው ቡድን ሁለቱንም ይጠቀማል። ነጭ ሌዘር የሚባለውስ?

ቱቦ ቀያሪው፦
እሱ ቀለም ያስመርጣል። የመጀመሪያዎቹ ከ470 እስከ 670 ናኖሜትር ይሰጡ ነበር፤ አዳዲሶቹ ከ440 ይጀምራሉ። ግን ውድ ነው፤ እንደ አምፖል ነቅለሽ አሮጌ ማሽን ላይ የምትሰኪውም አይደለም። ለጎረቤቶቻችሁ 445 እና 514 ጨምሩ። ሲኤፍፒ 445ን ከ458 የበለጠ ይወዳል። ታዲያ የጨረር መክፈያውን መስታወት አስፈትሹ፤ የዱሮው ለ458 የተሠራ ነው።

ጨለማ ክፍል፦
ይቅርታ ልግባና፣ ቱቦው መድከሙን በምን አወቃችሁ? ብርሃኑን ከሌዘሩ ወደ ማይክሮስኮፑ የሚያደርሰው ፋይበር ከመስመሩ ትንሽ ፈቀቅ ቢልም ያው ነው የሚመስለው። ኃይሉን መጀመሪያ ሌዘሩ መውጫ ላይ፣ ከዚያ ኦብጀክቲቩ (ናሙናው አጠገብ ያለው ሌንስ) ጋ ለኩ። መውጫው ላይ ደህና ሆኖ ታች ከጠፋ፣ ችግሩ ቱቦው አይደለም።

ዓሣ ጠባቂዋ፦
ማንም አለካም! መለኪያው መሳቢያ ውስጥ ነው። ነገ ጠዋት ይዤው እወርዳለሁ።