ካሮ ካን ላይ ኤች4 ስል ኤች5 ቢመልስልኝ ምን ይሻላል?

የፖሊው ልጅ፦
ሰላም የቼዝ ወዳጆች። ባሕር ዳር የክለባችን ውድድር ላይ ነኝ። እሑድ ነጭ ደረሰኝ፤ ተጋጣሚዬ ካሮ ካን (ጥቁር ለኢ4 በሲ6 የሚመልስበት መከላከያ) ያዘ። 1. ኢ4 ሲ6 2. ዲ4 ዲ5 3. ኢ5 ቢሾፕ ኤፍ5 4. ኤች4። ሰውዬው ሻዩን እያማሰለ ወዲያው ኢ6 አለ። በቃ! 5. ጂ4 ቢሾፕ ኢ4 6. ኤፍ3 ቢሾፕ ጂ6 7. ኤች5። ቢሾፑ ቢበዛ አንድ ፓውን ይዞ ይሞታል እንጂ መውጫ የለውም።

ችግሩ፣ የሚቀጥለው ተጋጣሚዬ አጠገባችን ቆሞ ሁሉንም አይቷል። እሱም ካሮ ካን ነው የሚጫወተው። 4... ኤች5 እንደሚለኝ አልጠራጠርም። ከዚያስ? እባካችሁ ሃያ እርምጃ የሚሸመደድ ነገር አትስጡኝ፤ ሐሳቡን ንገሩኝ።

ፔዳ ማታ፦
5. ቢሾፕ ዲ3 በል ወንድሜ። ከፓውኖቹ ውጭ የወጣውን ንቁ ቢሾፑን ትለዋወጠዋለህ። ደግሞ ኤች5 ካለ በኋላ ጂ5ን በኤች ፓውን መጠበቅ አይችልም። ፈረስህን በኤፍ3 በኩል እዚያ ትከልለት። ላባርር ካለ ኤፍ6 መግፋት አለበት፤ ያኔ ኢ6 ይላላበታል። ብቻ ንግሥት ኤ5 ቼክ ብሎ ወደ ኤ6 ሊመጣ ይችላል። ብትለዋወጥም አትፍራ፤ መልሶ የሚበላው ፈረስ ጠርዝ ላይ ይቀራል።

ጋሼ ሰንጠረዥ፦
ልጆች፣ በጥንቱ ሰንጠረዥ ይሄ ሁሉ ጭንቀት አልነበረም። ወረራው (የጨዋታው መክፈቻ) ላይ ተራ የሚባል የለም፤ የመጀመሪያው መጫወቻ እስኪበላ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። ለማንኛውም፣ ኤች5 ብቻ ይመጣል ብለህ አትቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1961 ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠሙ ታል ይህንኑ ኤች4 ሲል ቦትቪኒክ ኤች6 ብሎታል። ጂ4 ሲገፋበት ቢሾፑን ወደ ዲ7 መለሰ። ሻምፒዮናውንም የወሰደው ቦትቪኒክ ነው። ኤች5 ካለህ ግን እኔ 5. ሲ4 እመርጣለሁ። ዲ5 ላይ ለፈረሱ ቦታ ትሰጠዋለህ፤ በምትኩ መሐሉ ይከፈትልሃል፣ የራስህ መጫወቻዎች ቶሎ ይወጣሉ።

የፖሊው ልጅ፦
ጋሼ እናመሰግናለን። ፔዳ፣ ያንተም ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ግን ንግሥት ገና በጠዋቱ ከሰሌዳው ከወጣች ጨዋታው አይጥመኝም። ስለዚህ ሲ4። ኤች6 ካለኝስ ጂ4 ልግፋ ወይስ መጀመሪያ ፈረስ ላውጣ?

ፔዳ ማታ፦
ግፋ እንጂ! ቢሾፑ ወደ ኢ4 ከሸሸ ኤፍ3 በል። ኤች7 ሲገባ ደግሞ ኢ6 ብለህ ፓውኑን ስጠው። ከበላው የንጉሡ በር ይከፈታል፤ ቢሾፕህን ወዲያው ዲ3 ላይ አውጣ።