አስቸኳይ፦ ፖሊስ ያወጣው የተጠርጣሪ ምስል ወንድሜን ይመስላል እያሉት ነው፤ ምን ያድርግ?

ሕሊና (ጠያቂ)፦ ወገኖቼ ቶሎ መልሱልኝ፣ ወንድሜ ዛሬ ማታ ሺፍት አለው። ያንን ፖሊስ ከዲኤንኤ አሠርቶ ያወጣውን የተጠርጣሪ ፊት አንዱ ፕሪንት አድርጎ ምሳ የሚበሉበት ክፍል፣ ከማይክሮዌቩ በላይ ለጥፎታል። ከሥሩ በእስክሪብቶ የወንድሜን ስም ጽፎበታል። ሱፐርቫይዘሩ አይቶ አለፈ። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ዲኤንኤ ሰጥቶ ይገላገል ወይስ ሥራውን ይተው?

ባለታክሲው፦ ይስጥና ይገላገል። ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?

ማርታ፦ የቱ ምስል? እዚህ ካናዳ የኤድመንተን ከተማው ከሆነ ፖሊስ ራሱ አንስቶታል እኮ!

ላብራቶሪ፦ እሱ ነው። ላልሰማችሁ፦ በማርች 2019 አንዲት ሴት የወሲብ ጥቃት ተፈጸመባት። ምስክር የለ፣ ካሜራ የለ፣ የአጥቂው ዲኤንኤ ፖሊስ መዝገብ ውስጥ ካለው ጋር አልገጠመም። ፖሊስ «የመጨረሻ አማራጭ» ብሎ ናሙናውን ፓራቦን ለሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሰጠ። ኩባንያው ዘሩን ምሥራቅ አፍሪካ አለና የጥቁር ወጣት ፊት ሠራ፤ ኦክቶበር 4 ቀን 2022 ወጣ። ከዲኤንኤ የዓይንና የፀጉር ቀለም መገመት ይቻላል። ዕድሜ ግን ከዚያ አልመጣም፤ 25 ዓመት ብለው ራሳቸው ሞሉት። ከሁለት ቀን በኋላ ፖሊስ ይቅርታ ጠይቆ አነሳው። ቡናማ ዓይን፣ ጥቁር ፀጉር፣ ጠይም ቆዳ ማለት እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቆመው ሰው ሁሉ ነው።

የሰፈር ልጅ፦ ምስሉን ለእናቴ ባሳያት የአምስት ጎረምሳ ስም ጠራችልኝ 😂

ባለታክሲው፦ ታዲያ ዲኤንኤው ይለየዋላ! ይስጥ።

ከሮተርዳም፦ እህቴ፣ የዲኤንኤውን ዘዴ አትጥዪው። እዚህ ሆላንድ፣ ፍሪስላንድ በ1999 አንዲት የ16 ዓመት ልጅ ስትገደል ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በስደተኞች መጠለያው ላይ ነበር። ዲኤንኤው ግን የአውሮፓ ሰው ነው አለ። በ2012 የአካባቢው ወንዶች ናሙና ሲሰጡ ገዳዩ የዚያው አገር ገበሬ ሆኖ ተገኘ። እኛን ነጻ ያወጣን ዲኤንኤው ነው።

ሕሊና፦ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ያቺም ሴት ፍትሕ ታግኝ። ግን እዚያ የገበሬውን ፊት ስለው አልበተኑም። እዚህ ፖሊስ ከድረ ገጹ ቢያነሳውም ከማይክሮዌቩ በላይ ያለውን ማን ያንሳው? ወንድሜ ሁለት ቀን ምሳውን መኪና ውስጥ ነው የበላው።

ሕግ ቢሮ የምሠራ፦ ሕሊና፣ ባለታክሲውን አትስሚ። ማንም ሳይጠይቀው ዲኤንኤ ልስጥ ብሎ አይሂድ። ካልፈቀደ ፖሊስ የዳኛ ማዘዣ ማምጣት አለበት። ከደወሉለትም ጠበቃ ሳያናግር ቃል አይስጥ። ዛሬ ማታ ወረቀቱን ሳይነካ፣ የተጻፈው ስም እንዲታይ አድርጎ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ከዚያ ለሱፐርቫይዘሩና ለኤች አር (ለሠራተኛ አስተዳደሩ) በኢሜይል ይጻፍ፤ በቃል ከነገራቸው አልሰማንም ይላሉ። ዝም ካሉ የክፍለ ሀገራችን የአልበርታ ሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አለ፤ ዓመት ሳያልፍ ማመልከት ነው። ሥራውን እንዳይለቅ!

ባለታክሲው፦ የዳኛውን ነገር አላውቅም ነበር።

ማርታ፦ ሕሊና፣ እንዴት ሆነ? ሥራ ገባ?

ማርታ፦ ሕሊናዬ፣ ወረቀቱ ተነሳ ወይ?