የዕቅድ ውይይት፦ የሽንት ቧንቧ ጥበት ጥገናን የሚመለከተው የጋራ ሐሳብ፣ ሁለተኛ ረቂቅ

አስተባባሪ፦ የተከበራችሁ አባላት፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ አንብባችሁታል። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የወንድ ሽንት ቧንቧ ጥበት በማስፊያ ተከፍቶ ወይም በኢንዶስኮፕ (በቧንቧው በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) ተቆርጦ እንደገና ከተመለሰ፣ ታካሚው ለጥገና ቀዶ ሕክምና ይላካል። ዛሬ የምንነጋገረው በአንቀጽ 3 (ምርመራ) እና በአንቀጽ 4 (ወደ ጥገና መላክ) ላይ ብቻ ነው። የምትቃወሙ ምትክ ዐረፍተ ነገር ይዛችሁ ኑ።

የጥገና ቀዶ ሐኪም፦ "ይላካል" የሚለው ቃል እንዳይነካ እጠይቃለሁ። ጥበት ጠባሳ ነው። በስለት የሰነጠቅነው ጠባሳ የሚሽረው በሌላ ጠባሳ ነው፤ በተደጋገመ ቁጥርም ሊረዝምና ሊጠነክር ይችላል። ታካሚው ለጥቂት ወራት ሽንቱ በደንብ ሲወርድለት የዳነ ይመስለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል፣ እኛም መልሰን እንቆርጣለን። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። በቡልባር ክፍል (ከቆለጥ ከረጢት በስተጀርባ ባለው የቧንቧው ክፍል) ያለ፣ ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጥበት ግን ጠባሳው ተቆርጦ ወጥቶ ጤናማዎቹ ጫፎች ቢገናኙ በአብዛኛው አይመለስም። ረዘም ያለው ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ስስ ሽፋን ሰፋ እንዲል ይደረጋል። ጣሊያናዊው ሐኪም ጊዶ ባርባሊ ሽፋኑን በቧንቧው የጀርባ ገጽ ላይ የመስፋት ዘዴውን ያሳወቀው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1996 ነው፤ አዲስ ነገር ነው ብለን የምንፈራበት ጊዜ አልፏል።

ጠቅላላ የዩሮሎጂ ሐኪም፦ ዶክተር፣ በሥራው አልከራከርዎትም። ነገር ግን በ2020 ውጤቱ የታተመው፣ ኦፕን የተባለው የብሪታንያ ጥናት በተመለሰ የቡልባር ጥበት ላይ በኢንዶስኮፕ መቁረጥንና የጥገና ቀዶ ሕክምናን አነጻጽሮ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ በታካሚዎቹ የሽንት ምልክት መሻሻል ላይ ጉልህ ልዩነት አላገኘም። ስለዚህ "ይላካል" በሚለው ፈንታ "ሁለቱም አማራጮች ቀርበውለት ይመርጣል" ይባል። ትልቅ ቀዶ ሕክምና የማይፈልግ አዛውንት አለ፤ ልናስገድደው ነው?

የጥገና ቀዶ ሐኪም፦ ያው ጥናት ዳግም ሕክምና ያስፈለጋቸው ጥገና በተደረገላቸው ዘንድ ያነሱ መሆናቸውንም አሳይቷል። ይህ በአንቀጹ ውስጥ ይግባ እንጂ የታካሚውን ምርጫ አልቃወምም። የምቃወመው ምርጫው ሳይነገረው የሚቆረጠውን ነው።

የራጅ ባለሙያ፦ አንቀጽ 3 ላይ "የጥበቱ ርዝመት ይለካል" ይላል። እንዴት? ታካሚው በጎኑ ዘንበል ሳይል በጀርባው ተንጋሎ ራጅ ከተነሳ የቡልባሩ ክፍል በፊልሙ ላይ ይታጠፋል፤ የ3 ሴንቲ ሜትር ጥበት የ1 ሊመስል ይችላል። ሐኪሙ አጭር ነው ብሎ ይገባና ቀዶው ጠረጴዛ ላይ ሌላ ነገር ይገጥመዋል። ሌላም አለ፤ በቅርቡ በማስፊያ የተከፈተ ወይም ካቴተር (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ያለበት ቧንቧ እውነተኛ መልኩን አያሳይም። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይረፍ፤ በዚያ መሀል ሽንቱ የሚታገት ከሆነ በሆድ በኩል ወደ ፊኛ በሚገባ ቱቦ ይውጣ።

የክፍል ነርስ፦ እኔ የምለው ከዚያ በፊት ስላለው ነው። ከምናያቸው ጥበቶች ጥቂት የማይባሉት ከእኛው እጅ የወጡ ናቸው። ካቴተሩ ፊኛ መግባቱ ሽንት በመውጣቱ ሳይረጋገጥ ጫፉ ላይ ያለው ኳስ ይነፋል፣ የሽንት ቧንቧውንም ከውስጥ ይቀድደዋል። ይህን የሚከለክል አንድ መስመር ይግባልን። ከጥገና በኋላም "ተሳካ" የሚባለው በሽንት ፍጥነት ብቻ ከሆነ ሐሳቡ ጎዶሎ ነው። ታካሚዎቹ የሚጠይቁን ስለ ብልት መቆም፣ ሸንተው ከጨረሱ በኋላ ልብስ ስለሚያርስ ጠብታ፣ ሽፋን ከጉንጫቸው ከተወሰደ በኋላ አፋቸውን ሲከፍቱ ስለሚሰማቸው መወጠር ነው።

አስተባባሪ፦ የራጅ ባለሙያው ሐሳብ እንዳለ አንቀጽ 3 ይሆናል። ሲስተር፣ የካቴተሩን መስመርና ለታካሚ የሚቀርቡትን ጥያቄዎች እርስዎ ያርቅቁልን። አንቀጽ 4 ደግሞ እንዲህ ተስተካክሏል፦ "ጥበቱ ከአንድ የኢንዶስኮፕ ሕክምና በኋላ ከተመለሰ፣ ሌላ ቁረጣ ከመታቀዱ በፊት ታካሚው ጥገና ከሚሠራ ሐኪም ጋር ይገናኛል፤ የሁለቱም አማራጮች ጥቅምና ጉዳት፣ ዳግም ሕክምና የማስፈለጉም ዕድል ተነግሮት ምርጫው በፋይሉ ይመዘገባል።" ተቃውሞ ያለው እስከ ቀጣዩ ስብሰባ ይጻፍልኝ።