ክርክር፦ ሰፈር ሲታደስ ነባሩ ተከራይ የት ይሂድ?

አወያይ፦
የሳምንቱ ጥያቄ ይኸው። መንግሥት በሕዝብ ገንዘብ የቆየ ሰፈር አፍርሶ ሲሠራ፣ እዚያ የኖረው ገቢው ዝቅ ያለ ሰው እዚያው የመመለስ መብት ሊኖረው ይገባል? ወይስ ሌላ ቦታ ቤት ከተሰጠው ይበቃዋል? ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። ስድብ ያለበትን መልእክት አጠፋለሁ፤ ኋላ እንዳትቀየሙኝ።

ፎርማኑ፦
ድንጋዩን እኔ ላይ ጀምሩ። ይበቃዋል ባይ ነኝ። «የድሮ ሰፈራችን» እያላችሁ ስታለቅሱ ሽንት ቤቱን የረሳችሁት ይመስላል። እኔ አራት ኪሎ ጀርባ ነው ያደግኩት። ጉድጓዱ ለአስራ ምናምን ቤት አንድ ነበር። ክረምት ላይ ሞልቶ በደጃችን ይወርዳል። እሳት ቢነሳ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ የለውም። ግድግዳው ቢያዘም እንኳ የቀበሌ ቤት ስለሆነ ካለ ፈቃድ ጭቃ መምረግ አይቻልም። ይሄ ቅርስ አይደለም። መሀል ከተማ ያለ መሬት ደግሞ ውድ ነው። ፎቅ የሌለው ቆርቆሮ ቤት ተሸክሞ ሊኖር አይችልም።

የልደታዋ፦
ሽንት ቤቱን አልረሳሁትም፣ እህህ። ግን ታሪኩን ከመሀል አትጀምረው። ልደታ ሲፈርስ እኛም ተነሺ ነበርን። ምርጫ ሰጡን፦ ወይ ኮንዶሚኒየም ግዙ፣ ወይ ሌላ ቦታ የቀበሌ ቤት ውሰዱ። እናቴ ኮንዶሚኒየም አለች። ቅድመ ክፍያውን ከእቁብና ከዘመድ ለቃቅመን ከፈልን። አራተኛ ፎቅ ደረሰን።

እማዬ እንጀራ ትሸጥ ነበር። አራተኛ ፎቅ ላይ በእንጨት አይጋገርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛን፤ መብራት ሲጠፋ ሊጡ ያልፍበታል። ደግሞ ደንበኛ የሚባለው የጎረቤት ሰው ነበር፣ ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። የዱቤ ደብተር ነበራት። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ዳሩ በዘይት የወየበ። በዚያ ደብተር ላይ የነበረው ገንዘብ ከሰፈሩ ጋር ተበተነ። ማንን ሄዳ ትጠይቅ? በመጨረሻ ቤቱን አከራይተን ጀሞ ጓሮ ጠበብ ያለ ቤት ተከራየን። የባንኩን ዕዳ የከፈለልን የማናውቀው ተከራይ ነው።

ፎርማኑ፦
ቆይ፣ ቆይ። አሁንስ ቤቱ የማን ነው?

የልደታዋ፦
መሸጥ የሚከለክለው አምስት ዓመት ሲሞላ ሸጥነው።

ፎርማኑ፦
ታዲያ ምን ሆናችሁ? መንግሥት ለእናትሽ ሀብት ሰጣት ማለት እኮ ነው። በቀበሌ ቤት ብትቀር ምን ትሸጥ ነበር?

የልደታዋ፦
ልክ ነህ፤ አልክድም። እኔ የተማርኩት በዚያ ገንዘብ ነው። ለእኔ ጠቅሟል። እማዬን ግን ሥራ አስፈትቷታል። ሁለቱም እውነት ነው። አንተ አንዱን ብቻ አትምረጥ።

የጉለሌው ሽማግሌ፦
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። በሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ሲወጣ ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት ተሰጠ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት ማለት የመንግሥት የኪራይ ቤት ነው። ሌላ ስም አያስፈልገውም። በ1997 አካባቢ የኮንዶሚኒየሙ ነገር ሲጀመር ግን ሐሳቡ ተለወጠ፦ ሃያ ከመቶ ከፍለህ ሰማንያውን ተበድረህ ባለቤት ሁን። ኋላም አስር በዘጠና፣ አርባ በስድሳ መጣ። ሁሉም መግዣ ነው። አንድ የኪራይ ቤት በፈረሰ ቁጥር በቦታው የሚሸጥ ቤት ይቆማል። መግዛት የማይችለው ሰው ወዴት ይሂድ? እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው።

ደባሉ፦
እኔ ጋ ኑ፣ መልሱ አለ። ካዛንቺስ ከአንዲት የቀበሌ ቤት ተከራይ አንድ ክፍል ተከራይቼ ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ሊለኩ የመጡ ዕለት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ሜትር የያዘው ልጅ «ወንድሜ እግርህን» አለኝ። አነሳሁለት። ለካ። ለሴትዮዋ ተጻፈላት፤ ከተማው ዳር ገላን ጉራ በሚባለው ሰፈር ቤት ተሰጣት፣ እግዜር ይመስገን። ለእኔ ምንም አልተጻፈም። ወረዳ ሄጄ ስጠይቅ «ስምህ ፋይል ላይ የለም» ተባልኩ። የሌሊት ጥበቃ ነኝ፤ ሥራዬ እዚያው ካዛንቺስ ነው። ድሮ በእግሬ አምስት ደቂቃ ነበር። አሁን ሁለት ታክሲ ነው።

ሕግ ነክ፦
ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንዑስ አንቀጽ 2 በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ወይም ኑሮው የተነካበት ሰው ሁሉ ማካካሻ ያገኛል ይላል። «ባለይዞታ» አይልም፣ «ሁሉ» ነው የሚለው። ደባሉም ሰው ነው፣ ኑሮውም ተነክቷል። ወደ ዝርዝሩ አዋጅ ስንወርድ ግን ቃሉ ይጠብባል። መሬት ሲለቀቅ የሚከፈለውን ካሳ የሚወስነው አዋጅ 1161/2011 ከቀድሞው 455/1997 ብዙ ይሻላል። ሲወጣ ተነሺው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመክርበት አዞ ነበር። ለተቋረጠ ማኅበራዊ ትስስርም ካሳ አስቦበታል፤ ይሄ ቀድሞ ያልነበረ ነገር ነው። ነገር ግን ነገሩ ሁሉ የሚሽከረከረው ባለይዞታው ላይ ነው። የተከራይ ተከራይ ውስጡ የለም።

ከዲሲ፦
ከዋሽንግተን ነው የምጽፈው። እዚህም ያው ነው ብል አትስቁብኝ። ከተማው ድሃ የሚኖርባቸውን የመንግሥት ቤቶች ሲያድስ እንደ ኤሮፓ አቆጣጠር በ2005 አራት ቃል ገባ፦ በፈረሰው ልክ ይሠራል፣ ነዋሪው ይመለሳል፣ ገቢው የተለያየ ሰው አብሮ ይኖራል፣ አራተኛው ደግሞ ሳያፈርሱ በፊት መሥራት። ወረቀቱ ያምራል። ቴምፕል ኮርትስ የሚባለው ሕንፃ በ2008 ፈረሰ። ቦታው ለዓመታት የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ቆየ። መጀመሪያ መሥራት የሚለው ቃል ቀረ፣ ማፍረሱ ግን አልቀረም። ስለዚህ ተስፋ በወረቀት አትቀበሉ። መፍረሻው ቀን ከመረከቢያው ቁልፍ ጋር መታሰር አለበት።

ፎርማኑ፦
ይሄን እቀበላለሁ፤ ሥራውን ስለማውቀው። ቦታውን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ትሠራለህ፣ ከሌላው ግማሽ ሰው ታስገባለህ፣ ከዚያ ያንን ታፈርሳለህ። ቴክኒኩ ከባድ አይደለም። ከባዱ ጊዜው ነው፤ አለቃ ሁሉ ሪባን በዘመኑ መቁረጥ ይፈልጋል። ገንዘቡስ? ለነባሩ ሰው በርካሽ የምታከራየው ቤት በሊዝ ከምትሸጠው መሬት ላይ ይነሳል። ያንን ጉድለት ማን ይሸፍን?

የልደታዋ፦
ግራውንዱን ምን አደረጋችሁት? የኮንዶሚኒየም ሥር ያሉት ሱቆች በጨረታ ነው የሚሸጡት። ብዙ ብር ያለው ወሰደ፤ ያሸነፉትን አልወቅስም። ከአስሩ ሁለቱ እንኳ ለጉልት ሴቶች በኪራይ ቢቀመጡ እማዬ አራተኛ ፎቅ እየኖረች ሥር ወርዳ ትጋግር ነበር። ከቀሩት ስምንት የሚገኘው የጨረታ ገንዘብ ደግሞ ጥቂት የኪራይ ቤት ይይዛል። አንተ ኢንጂነር ነህ፣ አስላው።

ፎርማኑ፦
ፎርማን ነኝ እህቴ፣ ኢንጂነር ብለሽ አታሹፊብኝ። ግን የግራውንዱ ሐሳብ አይከፋም። ጭስ ማውጫ ከዲዛይኑ ጀምሮ ይገባል። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ከሆነ ግን ግድግዳ መብሳት ነው።

የጉለሌው ሽማግሌ፦
ተው አሁን፣ ወደ ጭስ ማውጫ ወረድን።

የልደታዋ፦
ጋሼ፣ ነገሩ እኮ ጭስ ማውጫው ነው።

አወያይ፦
አንድ ጥያቄ ይቀረኛል። መጀመሪያ ይሠራ፣ ጥቂቱ ለኪራይ ይቀመጥ ብትሉም ማን ተቆጥሮ ይግባ? ደባሉን ከትናንት ወዲያ ከመጣ ሰው በምን ትለዩታላችሁ? ሊፈርስ ነው ሲባል እኮ በአንድ ሌሊት ሃያ ደባል ይበቅላል።

ፎርማኑ፦
ልል ያሰብኩት ይሄንኑ ነው! ሳይት ላይ አይቻለሁ። ለኩ ሲባል በቆርቆሮ ከልለው ክፍል የሚፈጥሩ አሉ።

ሕግ ነክ፦
የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ፣ 1320፣ የኪራይ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ውሉም ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይ ስንት ዓመት እዚያ እንደኖረ ማሳየት ይችላል። ሌላ ቆጠራ አያስፈልግም። ደባሉ፣ አንተ ውል ነበረህ?

ደባሉ፦
ወንድሜ፣ የቀበሌ ቤት ማከራየት እኮ ክልክል ነው። ውል ብንጽፍ ሴትዮዋ ቤቱን ትነጠቅ ነበር። ስድስት ዓመት ሰው ሲጠይቃት የእህቴ ልጅ ነው ትል ነበር።