ኤፍቢቲ፦ ከአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ የማዕዱ ሴሽን እንዴት ይመራ?

ሳይኮሎጂስት፣ አራት ኪሎ
ጤና ይስጥልኝ። አኖሬክሲያ (ውፍረትን በመፍራት ራስን ከምግብ የመከልከል ሕመም) ላለባት የ15 ዓመት ልጅ፣ ወላጆች ልጃቸውን የመመገቡን ኃላፊነት የሚይዙበትን ቤተሰብ-ተኮር ሕክምና (ኤፍቢቲ) ልጀምር ነው። በሁለተኛው ሴሽን (የሕክምና ቀጠሮ) ቤተሰቡ ምግብ ይዞ መጥቶ ቴራፒስቱ ፊት መብላት አለበት። እነዚህ ግን ቤታቸው የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው፤ ምግቡን የምትሠራው ሠራተኛቸው ናት፣ አያትም አብረው ይኖራሉ። ልጅቷ ደግሞ ከረቡዕና ዓርብ አልፋ «ጾም ነው» ትላለች። ማን ምን ያድርግ?

የቤተሰብ ቴራፒስት፣ ካዛንቺስ
የልጅቷ ምግብ ለብቻ በሰሃን ይቅረብ። ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፤ እንጀራውን ትቆራርሳለች፣ ወጡን ወደ ሌላው ትገፋለች፣ እጇ ግን ከትሪው አይነሳም፤ የበላች ይመስላል። ሰሃኑን የሚሞሉት እናት ወይም አባት ናቸው፤ ሠራተኛዋም ልጅቷም አይደሉም።

ለሴሽኑ ምግብ አይምረጡላቸው። «በረሃብ የተጎዳች ልጅን መልሶ የሚያቆም ምግብ ይዛችሁ ኑ» ይበቃል። ወላጆቿ ግራና ቀኝ ይቀመጡ። ግቡ እሷ ካሰበችው በላይ አንድ ጉርሻ እንድትጨምር ማድረግ መቻላቸው ነው እንጂ ሰሃኑን መጨረሷ አይደለም። ንግግራቸው አጭር ይሁን፦ «ከባድ እንደሆነ እናውቃለን የኔ ልጅ፤ አሁን ይቺን ብዪ።» ስለ ካሎሪ ክርክር ከተገባ በሽታው አሸነፈ። በግድ ማጉረስም የለም።

አያትን ከመጀመሪያው ሴሽን ጀምሮ ይጥሯቸው። «እህል ንቀሽ ነው» ዓይነት ወቀሳ ሕክምናውን ያበላሻል፤ ጥፋቱ የበሽታው እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ ደጋግመው ይንገሯቸው። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት አብረዋት ቢቀመጡ ትልቅ ሥራ ነው።

የሕፃናት ሐኪም
መጀመሪያ ሰውነቷ ለተመላላሽ ሕክምና መድረሱ ይረጋገጥ። ቀን፣ ነቅታ ሳለች የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ፣ የላይኛው የደም ግፊቷ ከ90 ከወረደ ወይም ራሷን ስታ ከወደቀች ሆስፒታል ይቀድማል። የደም ምርመራዋ ደህና መሆኑ አያዘናጋችሁ፤ ብዙ የከሳች ልጅም ውጤቷ ደህና ሊመጣ ይችላል። ምግብ ሲጀመር ኢንሱሊን ከፍ ይልና ፎስፌትንና ፖታሲየምን (ልብ የሚያስፈልጉት ማዕድናት) ከደም ወደ ሴል ያስገባል፤ ልብን የሚያሰጋው ያኔ ነው። ፎስፌት ብዙ ጊዜ ከተለመደው የኤሌክትሮላይት (የደም ማዕድናት) ምርመራ ጋር ስለማይሠራ ለብቻው ይታዘዝ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ፒያሳ
በቀን 3 ዋና ምግብና 2 ወይም 3 መክሰስ። እንጀራ መከመር ቶሎ ያጠግባልና ኃይሉን ወጡ ላይ ይጨምሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ከጠየቀች ግን እውነቱ ይነገራት፤ ከተደበቀ በኋላ ምንም አታምንም። ውሃና ቡና ከምግብ በፊት አይሁን።

ስለ ጾሙ፦ ሕመምተኛ እንደማይገደድ ከእርስዎ ሳይሆን ከንስሐ አባቷ አፍ ትስማ። ወላጆቿ ከሴሽኑ በፊት ያነጋግሯቸው። ጾም ሲፈታም ወተትና እንቁላል ላለመብላት ሌላ ምክንያት ካመጣች፣ ጾሙ የበሽታው መሸፈኛ ነበር ማለት ነው።

ሳይኮሎጂስት፣ አራት ኪሎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክብደቷንስ ልንገራት?

የቤተሰብ ቴራፒስት፣ ካዛንቺስ
አዎ። በየሴሽኑ መጀመሪያ፣ ሽንት ቤት ደርሳ፣ ጫማና ጃኬት አውልቃ ለብቻዋ ትመዘን። ውሃ ጠጥቶ ወይም ኪስ ውስጥ ከባድ ነገር ይዞ መምጣት የተለመደ ነው። ከዚያ ቁጥሩን በግራፍ ለወላጆቿም ያሳዩ፤ ውይይቱ ከዚያ ይነሳል። እስከ 4ኛው ሴሽን 2 ኪሎ ገደማ የጨመሩ ልጆች የመዳን ዕድላቸው ከፍ ይላል። ካልጨመረች፣ በተለይ ቤቱ ውስጥ ወቀሳ ከበዛ፣ ወላጆቿን ለብቻ ያነጋግሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የሜልበርን ጥናት 106 ወጣቶች ተሳትፈው፣ ወላጆች ለብቻ ሲታከሙ በሕክምናው ማብቂያ 43 በመቶ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲቀመጡ 22 በመቶ አገግመዋል፤ ከዓመት በኋላ ልዩነቱ ጠብቧል። እዚያ ልጆቹን የምትመዝነውና ለጥቂት ደቂቃ የምታነጋግረው ነርስ ነበረች፤ እርስዎም ነርስ ካለዎት እንዲሁ ማድረግ ይችላሉ።